መሸ፣ ና ግባ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ልጄን ነይ ያላት ነቢዩ ነው። የወልደሩፋኤል ልጅ። ጥፋተኛው ማን ነው ቢባል ሰው ዝናቡን ይላል፣ ሾፌሩን ይላል፣ የጅማን መንገድ ይላል። ይበል። ነይ ያላት ግን እሱ ነው። አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። ጨው አልቆብኝ ሱቅ ወጣሁ። ጋሽ ከሚል ሳሙናና ቻርጀር አንድ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ፣ የከተማውን ወሬ ግን በነጻ የሚያድል ሰው ነው። ጨዉን እያቀበለኝ የወልደሩፋኤል ልጅ አልበም ማውጣቱን ነገረኝ። ዓይኔን እያየ። ምን እንድለው ፈልጎ? እንኳን ደስ ያለው ልበል? ጨዌን ይዤ ወጣሁ።

ያው የጩኸት ሙዚቃው ነው የሚሆነው። ሄቪ ሜታል። ልጄ ፀጋ ስሙን ስታስጠናኝ «ሄቢ» እላት ነበር፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ከሰዓት ዘነበ። ጓሮ ያለው የማር መጋዘን ቁልፉ እንደዛገ ነው። ይዛግ።

መሸ። በሩ ላይ ወጣሁ። የሁልጊዜዬን አልኩ። ገባሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሄርሜላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሻይ አፍልቼ ጠራኋት። የፊት ለፊቱን ክፍል ከተከራየችኝ ዓመት ሊሆናት ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ግን ወሬ አያድርም።

ተማሪዎቹ በነቢዩ አልበም ለሁለት ተከፍለዋል አለች። ግማሹ ከቦንጋ እንዲህ ያለ ነገር ወጣ ብሎ ደረቱን ይነፋል። ግማሹ ይሄ ሙዚቃ አይደለም፣ ብረታ ብረት ቤት ነው ይላል። ዘፈኖቹ ረጃጅም ናቸው። አንዱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሽሮ ይበስላል። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ደግሞ ክራር የመሰለ ነገር፣ ደግሞ ጩኸት። ፕሮግሬሲቭ ይባላል አሉ። ምን ማለት ነው ስላት ጥቂት አሰበችና «አንድ ቦታ የማይቆም፣ መንገዱ የሚለዋወጥ» አለች። «እንደ እናንተ መንገድ በሉት እትዬ፣ አስፋልት ነው ሲሉ ጭቃ የሚሆን።»

ያለችው ነገር ወዲያው ተሰማት መሰለኝ፣ ሻይዋን ትነፋ ጀመር። የልጄን ነገር ማን ነግሯት ይሆን? ከሚል ነዋ። ሌላ ማን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ፊደሌ ተጣሟል።

መጀመሪያ ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። ሁልጊዜ ጀምበር ስትገባ የግቢውን በር ከፍቼ እቆማለሁ። «ፀጋ፣ መሸ፣ ና ግባ» እላለሁ። ቀስ ብዬ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ከዚያ ዘግቼ እገባለሁ። ሐምሌ ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሆነኛል እንዲህ ስል። ትሰማኛለች ብዬ አይደለም። እብድ አይደለሁም። ያን ቀን እኔ ዋጫ ነበርኩ፣ ለቅሶ ሄጄ። ሳልጠራት ነው የሄደችው… ስለዚህ እጠራለሁ። በቃ።

ዛሬም በሩን ከፈትኩ። አፌን ሳልከፍት ባጃጅ ሄርሜላን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ውስጧ ያ ሙዚቃ አለ። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይፈጫል፣ ከበሮው ደረቴን ይመታኛል። ደጄ ስትቆም ሁሉም በአንዴ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ብቻዋን ቀረች።

«ፀጋ… መሸ፣ ና ግባ።»

የኔ ድምፅ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ አፌ እንደተዘጋ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ልጄን ጠራኋት። ከዚያ ዝም… ትንሽ ዝም… ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ አገሳ። ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ባጃጇን አዞረ። ሄርሜላ ምን ሆኑ እትዬ ትለኛለች። በሩን ሳልዘጋ ገባሁ።

ፀጋ ስልኳ ከእጇ አይለይም ነበር። ያገኘችውን ሁሉ ትቀዳለች። ዝናቡን በቆርቆሮ ላይ፣ በርሜሉን፣ እኔን። ቅጂው ነቢዩ ዘንድ ኖሯል ማለት ነው። ልጄን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ድምፄን።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ትናንት ቤተክርስቲያን አልሄድኩም። የሰው ዓይን ፈራሁ።

ና… አገሩ ሁሉ ይህን ቃል እየሰማ ነው። ያፈርኩበትን ቃል።

በእኛ ቋንቋ ወንድ ሲጠሩም ሴት ሲጠሩም ቃሉ አንድ ነው። ካፊኖኖ እንዲህ አያስቸግርም። አማርኛ የለመድኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ባሌ ማር ሊነግድ ከሸዋ የመጣ ሰው ነበር፣ ቤቴ ውስጥ አማርኛ ይነገር አለ። ተናገርኩለት። ለልጄም ና፣ ለላሟም ና፣ እናቱ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ለሳቸውም ና። አማቴ እስኪሞቱ ይቺን አልረሱልኝም።

ባሌ ሲሞት የማሩን ንግድ እኔ ያዝኩ። መፈረም አልችልም፣ አውራ ጣቴን ነበር የማስነካው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ፀጋ ናት። በመጋዘኑ በር ላይ፣ በጠመኔ፣ ሃምሳ አልፎኝ። እሷ ከነቢዩ ጋር መጋዘኑ ውስጥ ትውላለች፣ እሱ በጊታሩ፣ እሷ ባዶ የማር በርሜሎቼን በዱላ እየደበደበች። መሃል ላይ ወጣ ትልና የጻፍኩትን ታርምልኛለች። ጀምበር ስትገባ እጠራታለሁ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። ነይ ግቢ በይ፣ እማዬ። ሴት ነኝ እኮ።

አሁን ነይ ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ይኸው። ነይ። ነይ። በሩ ላይ ስቆም ግን አፌ ና ይላል።

ነቢዩ ያን ቀን በሩ ላይ መጥቶ ነይ ሲላት ጎረቤቴ ወንጌላዊት በአጥሯ ሰምታለች። አንዴ ነው የጠራት። ወጣች። እሱ አማርኛ ያውቃላ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ወንጌላዊት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ጎረቤቴ ናት፣ ጴንጤ፣ ደግ ሴት፣ አፏን ባትከፍት።

ጉባኤያቸው በዚያ ዘፈን ተነታርኳል። አንዱ ሽማግሌ ና ጸጋ ማለት ጸሎት ነው፣ ጸጋን ወደ ቤት መጥራት ነው፣ የወልደሩፋኤል ልጅ ልቡ ተመልሷል ብለው አመሰገኑ። ሌላው ተነሱና ጸጋ በጊታር አይጠራም፣ ይሄ መሳለቅ ነው አሉ። ወጣቶቹ ከኋላ ሆነው ይስቃሉ።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«እኔማ ማን እንደሆነች አውቃለሁ» አለች። «ዝም አልኳቸው።»

ከዚያ ጎመን ቆርጣ ሰጠችኝ።

የእኛዎቹም አይሻሉም። እድር ላይ ያን ብቻ ነው የሚያወሩት። በጾም ዘፈን መልቀቁ አንድ ኃጢአት፣ መንፈስ መጥራቱ ሁለተኛ። መሸ ና ግባ የሚባለው ለመንፈስ ነው፣ ድሮ ጫካ ገብተው እንዲህ ነበር የሚጠሩት አለች አንዷ፣ ያየች ይመስል። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ሰማሁ። ተሳስታችኋል ልላቸው ነበር… ተሳስተዋል እንዴ?

እሑድ፣ መጋቢት 14

ሬዲዮ ላይ ስለ አልበሙ የአድማጭ አስተያየት አለ አለችኝ ሄርሜላ። አልሰማም አልኳት። ሰማሁ።

ከደካ አንድ ወጣት ደወለ። የተማረ ነው፣ አነጋገሩ ያስታውቃል። አልበሙ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ ነው፣ ከቤቱ ወጥቶ መመለሻ ያጣ ሰው ታሪክ ነው አለ። ሴትዮዋ ደግሞ ሀገር ናት። ሀገር… እኔ። ቆርቆሮዬ የሚያፈሰው።

ቀጥሎ ከዋጫ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ይሄ አማርኛ የእኛ ነው አሉ። እኛ ለላሙም ለበሬውም ለሚስቱም ና ነው የምንለው፣ ሴትዮዋ ጥጃ ነው የምትጠራው፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል። አዘጋጁ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፣ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ መስሎኝ።

መጨረሻ ላይ ከቢታ ገነት አንዲት ሴት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ አማርኛዋም እንደኔ ነው። ሙዚቃውን አልችለውም፣ ልጄ ስልክ ላይ የተወው ዓይነት ጩኸት ነው አለች። ልጇ ወታደር ነበር። አልተመለሰም፣ ሞተም አልተባለችም። «ሴትዮዋ ወንድ ልጇን ነው የምትጠራው» አለች። «እኔ አውቃለሁ። በቀን አንድ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ አደርገውና አብሬያት እጠራለሁ።»

ሬዲዮውን ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ፊደል በመቁጠሬ ያዘንኩበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው። ሄርሜላ ስልኳን ሰጥታኝ ልብስ ልታጥብ ወጣች። ሰዎቹ የጻፉትን አንድ በአንድ አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ።

አንዱ ከዓለም አይተናነስም ይላል። አንዱ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፣ ሽንኩርት ከትፌ ጨርሼ ጊታሩ ገና መግቢያ ላይ ነው ይላል። አንዷ ሌሊት አልቅሼ አደርኩ። አንዱ ጆሮዬን ካሱኝ። ልጄን ሁሉም በጸሎቱ ጸ ነው የሚጽፋት። የኔ ፀጋ በፀሐዩ ፀ ናት። ራሷ ናት በጠመኔ የጻፈችልኝ። ማንን ልረም?

ከሁሉም በላይ የሚጣሉት በዚያች ዝምታ ነው። ና ግባ ካልኩ በኋላ ባለችው። አልበሙን አልበም ያደረገው ዝምታው ነው፣ ፀጉሬ ይቆማል የሚል አለ። ስህተት ነው፣ ከበሮው ቆጠራ ስቷል፣ ዝምታው ከምቱ ጋር አይገጥምም፣ ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ነው የሠራው የሚል አለ። እናት እስከ መሳደብ ደርሰዋል።

ወደ ታች ደግሞ አንድ ሰው እንዲህ ይላል። «ሴትዮዋን ብታወጧት ጥሩ አልበም ነበር።»

ሴትዮዋን። ደጋግሜ አነበብኩት። ራሴ ድምፄ ይውጣልኝ እያልኩ አይደለም እንዴ? ለምን ከፋኝ? አንተ ማን ነህና ነው የምታወጣኝ?

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ነቢዩ መጣ።

በሩን አልከፈትኩም። በቆርቆሮው በር ሥር ጫማውን አየሁ። አንዱ እግሩ አሁንም ይጎተታል። ነቢዩ ነኝ እትዬ አለ። ሳልጠይቅ ማድረግ አልነበረብኝም አለ። ስንት ጊዜ እዚህ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ አለ። ሌላም ብዙ አለ፣ አልጽፈውም።

«ድምፄን አውጣ» አልኩት።

«አወጣዋለሁ እትዬ። ከፋሲካ በፊት አወጣዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት ያልተነካውን አንድ ጊዜ ቢሰሙት…»

«ሂድ።»

ሄደ። እግሩ ጭቃው ላይ ሲጎተት ሰማሁ። እግሩን ብቻ። ከዚያ ሁሉ አደጋ እሱ እግሩን ብቻ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ዛሬ አፌ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከታች ባጃጇ ጠራችልኝ። እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ… ሁለት ቦታ ስንጠራት ወዴት ትሂድ?

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ያን ቀን። ጽፌው አላውቅም።

ፀጋና ነቢዩ ጅማ ጓደኞቻቸው ዘንድ ሊጫወቱ ነበር የሄዱት። አዳር እንኳ አልነበረውም። ሚኒባሱ ጎጀብ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ተንሸራተተ። ዋጫ ድንኳን ውስጥ የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው ስልክ የመጣልኝ። ልብስ መቀየር አላስፈለገኝም። ለሌላ ሰው የለበስኩት ጥቁር እንዳለ ለልጄ ሆነ።

ዱላዎቿ ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ። ተመልሰው መጡ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገሠሠ ከሁለት ሴቶች ጋር ቤቴ መጡ። አልበሙ እንዲታገድ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊሄዱ ነው። የሟች እናት ከፊት ብትሆኚ ይሰሙናል አሉ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው እሱን ሊከስልኝ።

ምን ብለን ነው የምንከሰው አልኳቸው። ጋሽ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንፈስ የምትጠራ ሴት አለችበት እንላለን።»

«የምትጠራው እኔ ነኝ እኮ» አልኳቸው።

አላወቁም ነበር። ፀጋ የምትለዋ የኔ ፀጋ መሆኗን ገምተዋል፣ ጠሪዋ ግን የከተማ አርቲስት መስላቸዋለች። አንዷ ሴት አማተበች። ጋሽ ገሠሠ ባርኔጣቸውን አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ወንበሩ ላይ ያደርጋሉ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ሲወጡ በሩን ሳይነኩ ነው ያለፉት፣ መንፈስ መጥሪያ በር ነዋ።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ጓሮ ድምፅ አለ። ሰንብቷል፣ አልጻፍኩትም እንጂ። ዱብ… ዱብ ዱብ… ዱብ። በርሜሉ ነው። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ሄርሜላን ትሰሚያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። አልሰማም ብትለኝስ?

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቁልፉን በዘይት አርሼ ከፈትኩት። ጣሪያው ያፈሳል። የተጠራቀመው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በርሜሉ ላይ ይወድቃል፣ በዱላዋ ባጎደጎደችው ቦታ ላይ። ይኸው ነው። ጠብታ ነው። አይቼው ቆሜ፣ ጠብታ መሆኑን እያየሁ፣ አሁንም እሷ ትመስለኛለች።

ቤቱ ገና ማር ማር ይላል። በሩ ላይ ጠመኔው አልጠፋም። ነይ። ግቢ። በይ። የሷ ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነው። ከሥሩ የኔ፣ እንደ ሰከረ ሰው የተጋደመ።

በርሜሉን ከጠብታው ሥር ላነሳው ያዝኩት። ተውኩት። ይምታ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ሳሙና ልገዛ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ያለው ስፒከር ዝም ብሏል። ስመጣ ዘግቶት ነው፣ አውቄያለሁ። ለምን ዘጉት አልኩት። ጋሽ ከሚል አፈረ። ሙዚቃውን አልወደድኩትም አለ፣ ጆሮዬን ያመኛል፣ ልጆቹ ናቸው የሚከፍቱት። ሳሙናውን ጠቅልሎ ሲያበቃ ግን እንዲህ አለ።

«ያቺ ዝም የሚልባት ቦታ ስትደርስ ግን ደንበኛ ቢቆምም አላናግርም። እዚያ ውስጥ መልስ ያለ ይመስለኛል፣ እትዬ ዙፋን። ጆሮዬን ባቀርብ የምይዘው ይመስለኛል።»

መንገዱን ሙሉ ይህን ሳስብ መጣሁ። መልስ። እኔ ስጠራት እኮ ሁልጊዜ ትመልሳለች። ነቢዩ ያልተነካውን ነው ያለኝ… ምኑ ያልተነካውን?

ቤት ሳልገባ ተመለስኩ። ያን ልጅ ካዩት ይምጣ ይበሉት አልኩት። ከሚል ማንን ብሎ አልጠየቀኝም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

መጣ። ከሰዓት፣ ዝናቡ መሃል። ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ራሱ በስብሶ። በሩን ከፈትኩ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። ፂም አውጥቷል። ልጅ ነበር እኮ፣ ስንት ምሳ አብልቼዋለሁ።

«ና ግባ» አልኩት።

ሁለታችንም ደነገጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ቦታው ላይ ነበር።

ሻዩን አልነካውም። መጀመሪያ እኔን ያወጣበትን አሰማኝ። ጊታሩ ይመጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ዝም… ከዚያ ያገሳል። ለምን እንደቆመ አይታወቅም። ሰው የለቀቀው ቤት ይመስላል። እርስዎ ካሉ ነገ በዚህ እቀይረዋለሁ አለ።

ቀጥሎ ያልተነካውን ከፈተ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙዚቃ የለውም። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። የወንጌላዊት ዶሮ። በርሜሉ፣ ዱብ ዱብ ዱብ። ከሩቅ እኔ፣ ፀጋ… መሸ፣ ና ግባ። በርሜሉ ቆመ።

«ነይ ግቢ በይ፣ እማዬ። ደግሞ ገብቻለሁ እኮ።»

ሳቋ። ዱላው መሬት ሲወድቅ። አለቀ።

ድገመው አልኩት። ደገመው። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ሻዩ በረደ። ገብቻለሁ። ግቢው ውስጥ ናት፣ መጋዘኑ ውስጥ ናት፣ ከመጥራቴ በፊት ገብታለች። ያኔ ይህን ሰምቼው ነበር? ሰምቼ ይሆናል። ወጥ እያማሰልኩ ይሆናል።

ለምን ቆረጥካት አልኩት። ልሰማት አልቻልኩም አለ። አልበሙን ስሠራ እዚያ ቦታ ስደርስ ሥራ አቆማለሁ አለ። «ቆረጥኳት። ቦታዋን ግን ለሌላ ነገር መስጠት አልቻልኩም፣ ባዶውን ተውኩት። ዝምታው የሷ ልክ ነው፣ እትዬ። አላሳጠርኩትም፣ አላስረዘምኩትም። ከምቱ ጋር የማይገጥመው ለዚያ ነው።»

አገር የሚጣላበት ዝምታ። የልጄ ልክ።

ጥቂት ቆይቶ መልሷን ላስገባው ወይ አለኝ። እርስዎን ከማወጣ እሷን ላስገባ፣ ማን እንደምትጠራ ሰው ያውቃል፣ ጭቅጭቁም ያበቃል። ልቤ እሺ ሊል ነበር። የቢታ ገነቷ ሴት ትዝ አለችኝ። ነይ የሚለው ከተሰማ ልጇ ከዚያ ዘፈን ይወጣል። ወንድ ልጇ የገባው በኔ የተሰበረ አማርኛ ነው። አሁን ታርሜ ላስወጣው?

«እንዳለ ተወው» አልኩት። «እኔንም አታውጣ፣ እሷንም አታስገባ። ይጣሉበት።»

ያልተነካውን በስልኬ ላይ አደረገልኝ። ሲነሳ እስከ በር ሸኘሁት። ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩት ነገር ነበረኝ፣ እሱን ልለው። ቀደመኝ።

«ነይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አዎ» አልኩት።

ሌላ አልጨመርኩም። ይቅር አላልኩትም፣ ይህም ይጻፍ። ዝናቡ ግን አላቆመም ነበር፣ ጃንጥላዬን ሰጠሁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ሄርሜላ አገሯ ሄዳለች። የነቢዩ እናት ድፎ ዳቦና ጃንጥላዬን ላከች። ተቀበልኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ሬዲዮው ዛሬም ስለዚያው ነው። አንዱ ብረታ ብረት ይላል፣ አንዱ ታሪክ ነው ይላል። የዋጫው ሽማግሌ ድጋሚ ደውለው ጥጃዋ ጠፍታባት ነው አሉ፣ አቋማቸውን አልለወጡም። ከሚል ስፒከሩን እኔ ስመጣ መዝጋት ትቷል። አትዝጉት ብየዋለሁ።

የመጋዘኑን ጣሪያ የሚያይልኝ ሰው ተነጋግሬያለሁ። በርሜሉ ግን እዚያው ይቆያል።

ጀምበር ስትገባ የተረፈውን ወጥ እያሞቅኩ ነበር። በሩን በጊዜ ዘግቼዋለሁ። ባጃጇ ዳገቱን ወጣች። ጊታሩ ፈጨ፣ ቀጥ አለ። ድምፄ ደጅ ሆኖ ጠራ፣ መሸ፣ ና ግባ። ዝም አለ። እኔ ምድጃው አጠገብ ሆኜ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ የሷን ቃል አልኩት። ነይ ግቢ በይ፣ እማዬ። ደግሞ ገብቻለሁ እኮ። ስጨርስ ሁሉም አገሳ። አንድ ፊደል አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

ገብቻለሁ ብላለች። የገባን ሰው ደጅ ቆሞ የሚጠራ የለም።

ከእንግዲህ በሩ ላይ ወጥቼ አልጠራትም።